ስለ ሕፃናት ጆሮና በማኅፀን ስለሚያገኛቸው ስውር ደዌ

ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ወጥቶ የዚህን ዓለም ብርሃን ከማየቱ በፊት፣ ጆሮው ብዙ ሳምንታት ቀድሞ ሥራውን ይጀምራል። የእናቱን የልብ ትርታ፣ የደሟን መመላለስ፣ ከዚያም ሁሉ ይልቅ ስትናገር ድምፅዋን እየሰማ ስለሚያድግ፣ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይቶ ወደ እርሱ እንደሚያዘነብል ሊቃውንት በምርመራ አረጋግጠዋል። ልጁ አፉን ፈታ ተብሎ ቤተ ሰቡ ደስ የሚለው ዓመት ከሞላው በኋላ ቢሆንም፣ ለዚያች ለመጀመሪያዪቱ ቃል የሚያስፈልገውን ሁሉ ሲሰበስብ የከረመው በጆሮው ነው፤ ጆሮው ከጅምሩ የተዘጋበት ሕፃን ግን አእምሮው ሙሉ፣ ልቡናው ብሩህ፣ አንደበቱም ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ የሚሰበስበው ቃል በማጣቱ ብቻ ከንግግር ርቆ ይቀራል።

ለዚህ ችግር ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከዘር የሚወረስ አለ፤ ያለ ጊዜው በመወለድ፣ በተወለዱ ሰሞን በሚመጣ ብርቱ የቢጫ በሽታ፣ ወይም በማጅራት ገትር የሚደርስ አለ። በዚህ ጽሑፍ ልገልጸው የፈለግሁት ግን ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ስውር የሆነውን፣ እናቲቱ ምንም ሳይሰማት ወይም ቀላል ጉንፋን የያዛት መስሏት ሳለ፣ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ጽንሱን የሚያገኘውን የቫይረስ ደዌ ነው። ብዙ ወላጆች ስሙን እንኳ ሰምተውት የማያውቁት ይህ ደዌ፣ ከዘር ውርስ ቀጥሎ የሕፃናትን ጆሮ ከሚጎዱት ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘ ነው።

ቫይረስ በማኅፀን ያለውን ልጅ ሊጎዳ መቻሉን ዓለም የተረዳው በአንድ የዓይን ሐኪም አስተዋይነትና በእናቶች ቃል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1941 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ ይሠራ የነበረው ኖርማን ግሬግ፣ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ የተወለዱ ሕፃናት ከወትሮው በዝተው ወደ እርሱ ሲመጡ ተመለከተ። ነገሩ ግራ አጋብቶት ሳለ፣ ተራቸውን የሚጠብቁ እናቶች እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ፣ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ የጀርመን ኩፍኝ፣ በሕክምና ስሙ ሩቤላ፣ ይዟቸው እንደ ነበረ ሲነጋገሩ ሰማ ይባላል። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ያ በሽታ አገሪቱን አዳርሷት ነበርና፣ ግሬግ የሰማውን እንደ ተራ ጨዋታ ሳያሳልፍ የራሱንና የሥራ ባልደረቦቹን ሕሙማን ቢመዘግብ 78 ሕፃናት ተገኙ፤ ከነዚህም የ68ቱ እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ሩቤላ ይዟቸው የነበረ ሆኑ።

ግሬግ ይህን የገለጸበት ጽሑፍ በወጣ ጊዜ ብዙዎች ተጠራጠሩ፤ ስመ ጥሩው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላንሴት ሳይቀር በ1944 ነገሩ ገና አልተረጋገጠም የሚል አስተያየት ሰጥቶ ነበር። ነገር ግን የአውስትራሊያው ሐኪም ቻርልስ ስዋን ከባልደረቦቹ ጋር በ1943 ባወጣው ጥናት፣ እነዚህ ሕፃናት በዓይናቸውና በልባቸው ብቻ ሳይሆን በጆሮአቸውም የተጎዱ መሆናቸውን አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። የዓይን ሞራና የልብ ጉድለት ሕፃኑን ያየ ሐኪም ሁሉ የሚያገኘው ሲሆን፣ የጆሮ ጉዳት ግን ልጁ መናገር በሚገባው ጊዜ ሳይናገር እስኪቀር ድረስ ተደብቆ የሚቆይ በመሆኑ፣ ዘግይቶ መታወቁ አያስደንቅም።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚነካኝ የኦሊቨር ላንካስተር ሥራ ነው። ይህ የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ የቆዩትን የአውስትራሊያ የሕዝብ ቆጠራ መዛግብትና መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋሙትን ትምህርት ቤቶች መዝገብ ገልጦ ቢመረምር፣ በ1911 ቆጠራ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከ10 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ፣ በ1921 ቆጠራ ደግሞ ከ20 እስከ 24 ባለው ዕድሜ ላይ እጅግ በዝተው ተገኙ። በሁለቱም ቆጠራ የታዩት ያው አንድ ትውልድ ነበሩ፤ የተወለዱትም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማለቂያ፣ ሩቤላ በአገሪቱ በተስፋፋበት ወራት ነበር። እነዚያ ልጆች አድገው፣ ተምረው፣ ጎልማሶች ሆነው፣ ወላጆቻቸውም ምክንያቱን ሳያውቁ አርጅተው ሳለ፣ መልሱ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ተጽፎ አንባቢ ሲጠብቅ ኖረ።

የሩቤላ ቫይረስ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1962 ሲሆን፣ ካገኙት ሊቃውንት አንዱ የሆነው የሐርቫርዱ ቶማስ ዌለር ቫይረሱን ያወጣው በበሽታው ከተያዘው ከገዛ ልጁ ሽንት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ1964 እና በ1965 በሽታው በአሜሪካ ተነሥቶ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ሲይዝ፣ 20,000 ያህል ሕፃናት ከነጉዳታቸው ተወለዱ፤ ከነዚህ ውስጥ ከ11,000 የሚበልጡት መስማት የተሳናቸው ነበሩ። ክትባቱ በ1969 ተፈቀደ፤ በ2015 ደግሞ የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ከሰሜን እስከ ደቡብ ከሩቤላ ነጻ መውጣቱ ተነገረ። ሰው ደዌን በእውቀት ሲያሸንፍ ከሚታይባቸው ጥቂት ንጹሕ ድሎች አንዱ ይህ ነው።

በመግቢያዬ ያነሣሁት ስውሩ ቫይረስ ግን እስከ ዛሬ ክትባት አልተገኘለትም። ሙሉ ስሙ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ሲሆን፣ ሐኪሞች አሳጥረው ሲኤምቪ ይሉታል። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ማርጋሬት ስሚዝ፣ ዋላስ ሮውና ይኸው ቶማስ ዌለር እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው አገኙት፤ ስሙንም ዌለር በ1960 አወጣለት። የከንፈር ምችን ከሚያመጣው ቫይረስ ጋር ከአንድ ወገን የሚቆጠር በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ሰው ሰውነት ውስጥ ከገባ ዕድሜ ልክ አይወጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ይኖራል፣ አልፎ አልፎም ይነሣል። ጤነኛ የሆነውን ሰው የሚያሳምመው እምብዛም ስለሆነ፣ የያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ መያዛቸውን ሳያውቁት ይኖራሉ። የሚተላለፈው በምራቅ፣ በሽንት፣ በእናት ጡት ወተትና በመሳሰሉት የሰውነት ፈሳሾች ሲሆን፣ በተለይ ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት አንድ ጊዜ ከያዛቸው ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በልጋጋቸውና በሽንታቸው ያወጡታል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ቫይረሱን ብዙ ጊዜ የምታገኘው ከባዕድ ሰው ሳይሆን፣ እቅፍዋ ውስጥ ካለው ከመጀመሪያ ልጅዋ ነው።

እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብትያዝ፣ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ቫይረሱ ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ከእርግዝናዋ በፊት የያዛት ከሆነ ግን ወደ ጽንሱ የመተላለፉ ነገር እጅግ የቀነሰ ነው። ከዚህ የተነሣ ሊቃውንቱ ብዙ ዘመን፣ ሴቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቫይረሱን የያዙባቸው ድኻ አገሮች ከዚህ ጉዳት የተጠበቁ ይመስሏቸው ነበር። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑ በብራዚል ታየ። በሪቤይራው ፕሬቶ ከተማ ከመቶ እናቶች 97ቱ ያህል አስቀድመው ቫይረሱን የያዙ ሆነው ሳለ፣ ከመቶ ሕፃናት አንዱ ከሲኤምቪ ጋር እንደሚወለድ፣ ከነዚህም ከአሥር አንዱ ያህል የጆሮ ጉዳት እንደሚያገኘው ተመራማሪዎች አረጋገጡ። በአሜሪካ እንኳ በዚህ ቫይረስ ተይዘው የሚወለዱት ከሁለት መቶ አንድ ያህል ናቸውና፣ የብራዚሉ ቁጥር ከዚያ የሚበልጥ ነው። አፍሪካም ሆነ አገራችን በዚህ ረገድ ከብራዚል የሚመሳሰሉ በመሆናቸው፣ ይህ ነገር የባለጸጎች በሽታ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም።

ቫይረሱ ጆሮውን እንዴት እንደሚያበላሽ ለመረዳት የውስጠኛውን ጆሮ አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። የመስሚያው አካል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ፣ ከአተር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ነው፤ በዚህ ጠባብ ስፍራ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተሰልፈው የድምፅን ሞገድ ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት እየለወጡ ለነርቭ ያስረክባሉ። ይህን ማድረግ የሚችሉት ግን በዙሪያቸው ያለው ፈሳሽ ፖታስየም የተባለው ማዕድን በብዛት ሲኖረው ነው፤ ያንን ፈሳሽ የሚያዘጋጅላቸውም በግድግዳው ላይ ያለ፣ በደም ሥር የተሞላ አንድ ቀጭን ሥጋ ነው። በሲኤምቪ ተይዘው ሕይወታቸው ያለፈ ሕፃናትና ጽንሶች ጆሮ ሲመረመር፣ ቫይረሱ በብዛት የተገኘው በዚህ ቀጭን ሥጋና በአካባቢው ነው። ስለዚህ ሕዋሳቱ ራሳቸው መጀመሪያ ላይ ደኅና ሆነው ሳለ፣ የሚኖሩበት ፈሳሽ ሲዛባ ቀስ በቀስ እየደከሙ ይሄዳሉ ተብሎ ይታሰባል። ጉዳቱ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሆነው፣ አንዳንድ ጊዜ ከወር ወር ከፍና ዝቅ የሚለው፣ ብዙ ጊዜም ልጁ ከተወለደ ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚጀምረው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ መዘግየት የነገሩ ሁሉ ክፉ ክፍል ነው። ከሲኤምቪ ጋር ከሚወለዱት ሕፃናት ከአሥር አንዱ ያህል ብቻ በተወለደ ጊዜ ምልክት ያሳያል፤ የራስ ቅሉ ያነሰ፣ ጉበቱና ጣፊያው ያበጠ፣ ቆዳው በደም ነጠብጣብ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ምልክት ካላቸው ሕፃናት ከሦስት አንዱ፣ እንዲያውም እስከ ግማሾቹ ድረስ፣ የጆሮ ጉዳት ይደርስባቸዋል። የቀሩት ዘጠኙ ግን አምሮባቸው፣ ጠብተው፣ አልቅሰው፣ እንደ ማንኛውም ሕፃን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ከነዚህም ከአሥር አንዱ ያህል ውሎ አድሮ መስማት ይሳነዋል። ምንም የማይመስሉት እጅግ የሚበዙ በመሆናቸው፣ ጆሮአቸው ከሚጎዳው ሕፃናት ታላቁን ክፍል የሚይዙት እነርሱ ናቸው።

በበለጸጉ አገሮች ሕፃን ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ጆሮው ይመረመራል። ከምርመራዎቹ አንዱ የተመሠረተው ዴቪድ ኬምፕ የተባለ ሊቅ በ1978 በለንደን ባገኘው አስደናቂ ነገር ላይ ነው፤ ጤነኛ ጆሮ ድምፅን መቀበል ብቻ ሳይሆን፣ ለሰማው ድምፅ መልስ እንደሚሰጥ ያህል ረቂቅ ድምፅን ራሱ ያወጣል። በሕፃኑ ጆሮ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መሣሪያ ያን መልስ ታዳምጣለች፤ መልሱ ከጠፋ ሕፃኑ ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል። ሁለተኛው ዓይነት ምርመራ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ በራሱ ላይ በሚለጠፉ ገመዶች የነርቩንና የአንጎሉን መልስ የሚመዘግብ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የዚያን ቀኑን ጆሮ ይመሰክራል እንጂ የከርሞውን አይመሰክርም። ቫይረሱ በውስጡ ያለ ሕፃን ዛሬ ፈተናውን አልፎ በሁለት ዓመቱ መስማት ሊሳነው ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ደኅና ነው ተብሎ የተሰጠ ወረቀት ወላጆችን ሊያሳስት እንደሚችል መታወቅ አለበት።

ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ተይዞ እንደ ሆነ በእርግጥ ለማወቅ ሽንቱ ወይም ምራቁ በተወለደ በ21 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት፤ ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ቢገኝበት፣ በማኅፀን የያዘው ይሁን በወሊድ ጊዜ ወይም ከጡት ወተት ያገኘው መለየት ያስቸግራል። ምራቅ የሚወሰደውም ሕፃኑ ከጠባ ቢያንስ አንድ ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው፤ በአፉ የቀረ የእናቱ ወተት ምርመራውን ሊያሳስት ስለሚችል፣ በምራቅ የተገኘው ውጤት ደግሞ በሽንት ይረጋገጣል። ከሦስት ሳምንት ያለፈ እንደ ሆነ የሚቀረው፣ በተወለደ ጊዜ ከተረከዙ በወረቀት ላይ ተወስዶ የደረቀ ደም በሚቀመጥበት አገር ያንን ፈልጎ መመርመር ነው።

ሕክምናን በተመለከተ፣ የደዌው ምልክት በግልጽ የታየባቸው ሕፃናት በመጀመሪያው ወር ውስጥ ጀምረው ስድስት ወር ያህል ቫልጋንሲክሎቪር የተባለውን መድኃኒት ቢወስዱ፣ የመስማትና የእድገት ሁኔታቸው በመጠኑ እንደሚሻሻል በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። መድኃኒቱ የነጭ ደም ሕዋሳትን ሊቀንስ ስለሚችል ደማቸው በየጊዜው ይታያል፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ቁጥጥር የሚሰጥ ነገር አይደለም። በእስራኤል በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በእርግዝና መጀመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሲኤምቪ የተያዙ ሴቶች ቫላሲክሎቪር የተባለውን መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ሲወስዱ፣ ቫይረሱ ወደ ጽንሱ መተላለፉ በብዙ እንደቀነሰ ገልጿል።

መድኃኒት የማይመልሰውን ደግሞ ማዳመጫ መሣሪያ፣ ብርቱ ጉዳት ላለበትም በቀዶ ሕክምና በውስጠኛው ጆሮ የሚተከል መሣሪያ፣ ከሁሉም በፊት ግን ቋንቋ ራሱ ይተካዋል። ክሪስቲን ዮሺናጋ ኢታኖ በኮሎራዶ ያደረገችውና በ1998 ያሳተመችው ጥናት፣ ችግራቸው ስድስት ወር ሳይሞላቸው ታውቆ እርዳታ የጀመሩ ልጆች፣ ዘግይተው ከታወቁት ይልቅ በቋንቋ እጅግ ልቀው እንደሚገኙ አስረድቷል። ቋንቋው በድምፅ ወይም በምልክት ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር የልጁ አእምሮ ቋንቋ ለመቀበል በተዘጋጀበት ዕድሜ ያለ ቋንቋ አለመቅረቱ ነው። በአገራችን የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ፊደላችንን በእጅ የሚጽፍ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እንደ አንድ የትምህርት ዘርፍ የሚሰጥ ሙሉ ቋንቋ ነው፤ በመካኒሳና በሆሳዕና ያሉትን የመሰሉ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤቶችም ለብዙ ዘመን ትውልድ ሲያፈሩበት ኖረዋል። ልጃቸው በምልክት ሲናገር የሚያፍሩ ወላጆች ስላሉ፣ ይህን አጥብቄ መናገር እወዳለሁ።

በሌላው ዓለም መንግሥታት ወደ ነገሩ እየነቁ ነው። በአሜሪካ የዩታ ግዛት በ2013 የጆሮ ምርመራ ያላለፈ ሕፃን ሁሉ ለሲኤምቪ እንዲመረመር በሕግ ደነገገች፤ በካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት ከ2019 ጀምሮ ሕፃናትን ለዚሁ ቫይረስ መመርመር ጀመረች፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሚኒሶታ ደግሞ በ2023 የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ በመመርመር ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። በእነዚህ አገሮች የምትኖሩ ወላጆች የልጃችሁን ውጤት ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በኢትዮጵያ የሚወለደው ሕፃን ሁሉ ጆሮው የሚመረመርበት ሥርዓት ገና አልተዘረጋም። ያለ መሣሪያ ማድረግ የሚቻለው ግን ጥቂት አይደለም። ጤነኛ ሕፃን በድንገተኛ ድምፅ ይደነግጣል፤ ስድስት ወር ሲሆነው ወደ ሰማው ድምፅ ዘወር ይላል፤ አሥር ወር ሳይሞላው ባባ፣ ማማ እያለ ይንተባተባል። መስማት የተሳነውም ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ስለሚያሰማ፣ ድምፅ ማውጣቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። እናት ልጄ አይሰማም ብላ ስትናገር፣ ወንድ ልጅ አፉን ሲፈታ ይዘገያል ብለው የሚመልሷት ጎረቤቶች፣ አንዳንዴም ባለሙያዎች፣ የማይመለስ ጊዜ ያባክኑባታል። የግሬግን ታሪክ ያስረዘምሁት፣ በእናት ቃል ላይ ጆሮ የሰጠ ሐኪም ምን ያህል እንደጠቀመ እንዲታይ ብዬ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዘጠነኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት የመጣን ሕፃን፣ ከኋላው ድምፅ ሲሰማ ዘወር ይል እንደ ሆነ እናቱን ቢጠይቁና ራሳቸውም ቢሞክሩ፣ ምንም ወጪ የለውም።

ነፍሰ ጡሮች ራሳቸውን የሚጠብቁበት መንገድም ቀላል ነው። የሕፃን ሽንት ጨርቅ ከቀየሩ፣ ንፍጡንና ልጋጉን ከጠረጉ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ልጁ የበላበትን ማንኪያ አለመጋራትና ትራፊውን አለመብላት፤ በአፉ ሳይሆን በግንባሩ መሳም አደጋውን ይቀንሳል። ከልጅ ጋር ማዕድ መቁረስና መጎራረስ በእኛ ዘንድ የፍቅር ምልክት በመሆኑ ይህ ምክር የሚከብዳቸው እናቶች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ከልጅዋ መራቅ አለባት የሚል ግን የለም። ይህን ሁሉ ጠብቃ ልጅዋ ቢያዝባት፣ ሳታውቀው ለመጣባት ነገር ባልዋም፣ አማትዋም፣ የራስዋም ኅሊና ሊከሷት አይገባም፤ እርግማንም፣ የኀጢአት ቅጣትም አይደለምና።

አዋላጆችና የሕፃናት ሐኪሞች ሆይ፣ ምርመራው በሚገኝበት ስፍራ ሁሉ የጆሮ ፈተና ያላለፈ ሕፃን ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ለሲኤምቪ እንዲመረመር አድርጉ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ቫይረሱ ከተገኘበት፣ ዛሬ ቢሰማም እንኳ ሦስት ዓመት እስኪሞላው በየስድስት ወሩ፣ ከዚያም ትምህርት ቤት እስኪገባ በየዓመቱ ጆሮውን አስመርምሩ።